ማርቭልማን፦ ባለመብቱ ለሠላሳ ዓመት ያልለየ ኮሚክ

ማርቭልማን በተባለ የእንግሊዝ ልዕለ ጀግና ላይ በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ የታተመ ኮሚክ (በሥዕል የተነገረ ታሪክ) ከአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ያገኘ ሰው ብዙ ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ስካን አድርጎ ለሌሎች ቢያካፍለው የማንን መብት ይነካል? ይህ ጥያቄ ሰብሳቢዎችን ብቻ ሳይሆን አሳታሚዎችን፣ ጠበቆችንና ፍርድ ቤትን ጭምር ከ1982 እስከ 2013 ሲያከራክር ኖሯል። ጉዳዩ ተዘርዝሮ መጻፉ የሚጠቅመው፣ በአሮጌ ኮሚክ ላይ ሊገጥም የሚችለው ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ አንድ ላይ ስለሚገኝ ነው። ኩባንያው ሥራ አቁሟል፣ ውል በወረቀት አልሰፈረም፣ ሠዓሊዎቹ ብዙ ናቸው፣ ስሙ ተለውጧል፣ ሥራውም በሁለት አገር ሕግ ሥር ይወድቃል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩን ያራዘመው አንድ ስህተት ነው ብለን እናምናለን። ተከታዮቹ አሳታሚዎች በሙሉ «አሁን መብቱ በማን እጅ ነው?» ብለው ከመጨረሻው ጀመሩ። ከመጀመሪያው ተነስቶ «ማን ሣለው? በምን ውል? ለማን አስተላለፈ?» ብሎ በቅደም ተከተል የጠየቀ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ አልተገኘም።

ከየት መጣ

ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ ነው። ፎሴት የተባለው አሳታሚ የካቲት 1940 የሚል ቀን በያዘው «ዊዝ ኮሚክስ» ቁጥር 2 ላይ ካፕቴን ማርቭል የተባለውን ልዕለ ጀግና አወጣ። ደራሲው ቢል ፓርከር፣ ሠዓሊው ሲ. ሲ. ቤክ ነበሩ። የሱፐርማን አሳታሚ «ከእኛ የተቀዳ ነው» ብሎ በ1941 ከሰሰ። ክርክሩ አሥር ዓመት ፈጅቶ በ1951 ኒው ዮርክ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ለከሳሹ የሚያደላ ውሳኔ ሰጠ፤ ፎሴትም በ1953 ተስማምቶ ጀግናውን ማተም አቆመ።

በዚያን ጊዜ ኤል. ሚለር ኤንድ ሰን የተባለ የለንደን አሳታሚ የካፕቴን ማርቭልን ታሪኮች ከፎሴት እየወሰደ ለእንግሊዝ ገበያ ያትም ነበር። ምንጩ ሲደርቅበት ገበያውን ላለማጣት ሚክ አንግሎ የተባለውን የኮሚክ አዘጋጅ ምትክ ጀግና እንዲፈጥርለት ጠየቀው። በዚህ መንገድ የካቲት 3 ቀን 1954 ማርቭልማን ቁጥር 25 ወጣ። ከ25 የጀመረው የካፕቴን ማርቭልን ቁጥር ስለቀጠለ ነው፤ ስለዚህ ከ25 በታች የማርቭልማን እትም አለኝ የሚል ሻጭ ቢያጋጥም መጠርጠር ይገባል። መጽሔቱ በ1963 በቁጥር 370 ሲያበቃ 346 እትሞች ወጥተው ነበር። «ያንግ ማርቭልማን» የተባለው ጎን ለጎን የሚሄድ መጽሔትም ከ25 እስከ 370 ያለውን ቁጥር ይዟል። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን በአብዛኛው የቀድሞ ታሪኮች ዳግም ሕትመት ናቸው፤ አንግሎ በ1960 ሥራውን ትቶ ነበርና።

አንግሎ የሚለር ደመወዝተኛ አልነበረም። የራሱ ስቱዲዮ ነበረው፤ ሠዓሊዎችን እያሠራ ያለቀውን ገጽ ለሚለር ያቀርብ ነበር። ኋላ በአውሮፓ ስመ ጥር የሆነው ዶን ሎውረንስ ሥራ የጀመረው እዚያ ነው። የመብቱ ጥያቄ የሚፈታው ወይም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። በወቅቱ በሥራ ላይ የነበረው የ1911 የእንግሊዝ የቅጂ መብት ሕግ የመጀመሪያው ባለመብት ሠሪው ራሱ ነው ይላል። ሠሪው ተቀጣሪ ሆኖ በሥራው መካከል ከሠራው መብቱ የአሠሪው ይሆናል። ከዚያ ውጭ መብት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በጽሑፍና በፊርማ ብቻ ነው፤ ገንዘብ መክፈል ብቻውን መብት አያስተላልፍም። በ1957 አጋማሽ ሥራ ላይ የዋለው የ1956ቱ ሕግም ይህን መሠረት አልለወጠም።

እንግዲህ ከ1954 ጀምሮ ባለመብት ሊሆኑ የሚችሉት ሦስት ወገኖች ናቸው፤ ሚለር፣ አንግሎና እያንዳንዱ ሠዓሊ። ለሚለር የተፈረመ ማስተላለፊያ ካልተገኘ ሚለር የነበረው የማተም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም። አንግሎ ራሱ የቆመበትን ቦታ በተግባር አሳይቷል። ከሚለር ከተለየ በኋላ የማርቭልማንን ገጾች ስማቸውን እየቀየረ «ካፕቴን ሚራክል» በሚል ርዕስ መልሶ አትሟቸዋል። እንዲህ ያለ ተግባር እንደ ውል አይቆጠርም፤ ነገር ግን በወቅቱ ገጾቹን የራሱ አድርጎ ይቆጥር እንደነበረ የሚያመለክት ጠንካራ ምልክት ነው።

ሰንሰለቱ የተበጠሰባቸው ቦታዎች

መጋቢት 1982 ዴዝ ስኪን «ዋሪየር» የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት ለንደን ላይ ሲጀምር ማርቭልማንን መልሶ አመጣው። ጽሑፉ የአለን ሙር፣ ሥዕሉ መጀመሪያ የጋሪ ሊች ኋላም የአለን ዴቪስ ነበር። በጊዜው በሰፊው የታመነው ሚለር ከስሯል፣ መብቱም በከሰረ ንብረት አስተዳዳሪ እጅ ነው የሚል ነበር። ይህ እምነት ሁለት ቀዳዳ አለው። አንደኛ፣ ኩባንያው ኮሚክ ማተም አቆመ እንጂ በዚያ መልክ አልከሰረም። ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል፤ ቢከስርም እንኳ አስተዳዳሪ ሊሸጥ የሚችለው ኩባንያው የነበረውን ብቻ ነው። መብቱ ከመጀመሪያውም የአንግሎ ከነበረ ከሚለር ንብረት ውስጥ የሚገዛ ነገር የለም።

ከዚያ የመጣው ሁሉ በዚህ ባልተረጋገጠ መሠረት ላይ ተደረበ። በ1984 የማርቭልማን ልዩ እትም ሲወጣ ማርቭል ኮሚክስ ከተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ጠበቆች በስሙ ምክንያት ተቃውሞ ቀረበ፤ ታሪኩም በዋሪየር ቁጥር 21 ላይ ሳያልቅ ቆመ። ነሐሴ 1985 ኢክሊፕስ የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ ታሪኩን በቀለም ሲያወጣ ስሙን «ሚራክልማን» አለው። በጀግናው ደረት ላይ ያለው «ኤም ኤም» ለሁለቱም ስሞች ስለሚሠራ ልብሱ መነካት አላስፈለገውም፤ የተለወጠው በንግግር ክቦቹ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ነው። አለን ዴቪስ ደግሞ ሥዕሎቹ አሜሪካ ውስጥ እንዲታተሙ አልፈቀድኩም ብሏል። ይህ ከ1950ዎቹ ጥያቄ ፈጽሞ የተለየ፣ ለብቻው የቆመ የመብት ጥያቄ ነው።

በ1986 የኢክሊፕስ ቢሮ በጎርፍ ሲመታ ቁጥር 8 በችኮላ በ1950ዎቹ የአንግሎ ታሪኮች ተሞልቶ ወጣ። ስካን ለሚያካፍል ሰው ይህ እትም ወጥመድ ነው። ሽፋኑና ቀለሙ የ1986፣ ውስጡ ያለው ሥዕል ግን የ1950ዎቹ ነውና አንዱን እትም በአንድ ዓመት መዝግቦ ማለፍ አይቻልም።

ኢክሊፕስ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከሰረ፤ ንብረቱንም የኮሚክ ሠዓሊና አሳታሚ የሆነው ቶድ ማክፋርሌን በ1996 ገዛ። ከሙር በኋላ ታሪኩን የጻፈው ኒል ጌይማን ማክፋርሌንን ከስሶ በ2002 ዊስኮንሲን ውስጥ በዳኝነት ሸንጎ ረታ፤ የ7ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2004 አጸናለት። ብዙ ሰው ይህን ውሳኔ «ማርቭልማን የማን እንደሆነ የተወሰነበት» እያለ ይጠቅሳል፤ ስህተት ነው። ፍርዱ ያረፈው በሌሎች ገጸ ባሕርያት የጋራ ባለቤትነት ላይ ነው። የማርቭልማን ባለመብት ጥያቄ ከፍርድ ቤቱ የወጣው እንደገባው ነው።

መቋጫው የመጣው ከ1954 ነው። ሐምሌ 2009 ሳን ዲዬጎ ላይ በተካሄደ የኮሚክ ጉባኤ ማርቭል የማርቭልማንን መብት ከአንግሎ ወገን መግዛቱን አስታወቀ። በ2010 የ1950ዎቹን ታሪኮች፣ ጥር 2014 ደግሞ የ1980ዎቹን ማተም ጀመረ፤ ሙር ስሙ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀ «የመጀመሪያው ደራሲ» ተብሎ ታተመ። ከ1993 እስከ 2014 ባለው ጊዜ የሙርን ታሪክ በሕጋዊ መንገድ አዲስ መግዛት አይቻልም ነበር። እንደ ቁጥር 15 ያሉ ጥቂት ኮፒ ያላቸው እትሞች ዋጋቸው ሰማይ የነካውም፣ ስካኖቹ ከእጅ ወደ እጅ የተዘዋወሩትም በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ የ1980ዎቹን ክፍል ማካፈል የሚያሟግት አይደለም። ባለመብቱ ይታወቃል፣ መጽሐፉም በገበያ አለ፤ ስለዚህ አይካፈልም።

እጅ ላይ ያለውን ቅጂ መለየት

ቀሪው ጥያቄ የ1950ዎቹ ገጾች ናቸው። መጀመሪያ የየትኛው አሳታሚ ሕትመት እንደተያዘ መለየት ያስፈልጋል፤ ማርቭልማን በአራት መልክ ሊገኝ ይችላልና። የሚለር እትም ውስጡ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ወረቀቱ ሻካራና ወደ ቡናማ ያደላ፣ ዋጋውም በፔንስ (በእንግሊዝ ሳንቲም) የተጻፈ ነው። የዋሪየር መጽሔት ገጹ ትልቅ ሆኖ ጥቁርና ነጭ ነው። የኢክሊፕስ ባለ ቀለምና በአሜሪካ ኮሚክ መጠን ነው። የማርቭል ደግሞ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ጸድቶ የወጣ ነው። ስካን ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ከተወሰደ የ1950ዎቹ ሥዕል ነጻ ቢሆን እንኳ በላዩ የተጨመረው ቀለም፣ አዲስ የተጻፈው የንግግር ክብና አዲሱ መቅድም የራሳቸው መብት አላቸው። ማካፈል የሚፈልግ ሰው ምንጩ የሚለር እትም ብቻ መሆን አለበት።

ከዚያ በገጹ ግርጌ ወይም በሽፋኑ ውስጥ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የአሳታሚ መስመር በአጉሊ መነጽር ይነበብ፤ አሳታሚ፣ አድራሻ፣ ቁጥር፣ ቀን፣ የመብት ማስታወቂያ ካለም ስሙ። ብዙ ሰው ሥዕሉን ብቻ ስካን አድርጎ ይህን መስመር ይዘላል። በኋላ መብቱን ለማጣራት የሚፈልግ ሰው የሚያጣው ዋናው ማስረጃ እሱ ነው። በመቀጠል በእያንዳንዱ ታሪክ የመጀመሪያና የመጨረሻ የሥዕል ሣጥን ጥግ ላይ ፊርማ ይፈለግ። ግራንድ ኮሚክስ ዳታቤዝ የተባለው ነጻ ማውጫ በእትምና በታሪክ ከፋፍሎ የታወቁ ሠዓሊዎችን ያሰፍራል። እዚያ በጥያቄ ምልክት የተቀመጠ ስም ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ዘመኑን ማስላት

በእንግሊዝ ሕግ መብቱ ሠሪው ከሞተበት ዓመት መጨረሻ ጀምሮ 70 ዓመት ይቆያል። ዶን ሎውረንስ በ2003 ስላረፈ እሱ የሣላቸው ገጾች እስከ 2073 መጨረሻ ይጠበቃሉ። አንግሎ በ2011 ስላረፈ የእሱ እስከ 2081 መጨረሻ ነው። ጽሑፍና ሥዕል ተነጣጥለው የማይታዩ የጋራ ሥራ ከሆኑ የሚቆጠረው በመጨረሻ ከሞተው ሰው ነው። ገጸ ባሕርዩ አንድ ቢሆንም ዘመኑ የሚሰላው በየታሪኩ ነው፤ በአንድ እትም ውስጥ ያሉ ሦስት ታሪኮች ሦስት የተለያየ ማብቂያ ሊኖራቸው ይችላል።

ሠሪው ተገቢ ፍለጋ ተደርጎ ማንነቱ ካልታወቀ ደግሞ 70 ዓመቱ ከታተመበት ዓመት ይቆጠራል። በዚህ ስሌት ሠሪው የማይታወቅ የ1954 ገጽ በእንግሊዝ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ የ1955ቱ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነጻ ይሆናል። ሰዎች የሚሳሳቱት «ፊርማ የለውም» እና «ሠሪው አይታወቅም» የሚሉትን አንድ በማድረግ ነው። የአንግሎ ስቱዲዮ ሠዓሊዎች ስም በአብዛኛው ተመዝግቧል፤ የሥዕል ስልትን የሚያውቅ ሰው የሎውረንስን እጅ ያለ ፊርማም ይለያል። ስለዚህ ተገቢ ፍለጋ ማለት ማውጫውን ማየት፣ የስልት ባለሙያ መጠየቅ፣ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ከነባለመብቶቻቸው የተመዘገቡበትን «ዎች» የተባለ ዳታቤዝ መፈተሽ፣ ስም ከተገኘም ከ1858 ወዲህ ያለውን የእንግሊዝ የኑዛዜ መዝገብ በስምና በሞት ዓመት መፈለግ ነው። የኩባንያውን ፍጻሜ ለማወቅ «ዘ ጋዜት» በተባለው የመንግሥት ይፋዊ ጋዜጣ ላይ የወጡ የመፍረስ ማስታወቂያዎች በነጻ ይገኛሉ፤ ከፈረሱ ኩባንያዎች ፋይሎች የተወሰኑት ለንደን ኪው በሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ቢቲ 31» በሚል ምድብ ተቀምጠዋል። ኩባንያ ሲፈርስ ያልተላለፈ ንብረት፣ የቅጂ መብትን ጨምሮ፣ ወደ ዘውዱ ይሄዳል፤ «ኩባንያው ስለጠፋ ባለቤት የለውም» የሚለው አነጋገር በእንግሊዝ አይሠራም።

አሜሪካ ላይ ስሌቱ ሌላ ነው፤ አብዛኞቹ ማካፈያ ድረ ገጾች ሰርቨራቸው እዚያ ስለሆነም መታለፍ የለበትም። በእንግሊዝ በ1996 መባቻ ላይ መብታቸው ያልወደቀ ሥራዎች አሜሪካ ውስጥ ጥበቃቸው ተመልሶላቸዋል፤ ከታተሙበት ዓመት 95 ዓመት ይቆያሉ። የ1954 ማርቭልማን እንግሊዝ ውስጥ ነጻ ቢወጣም አሜሪካ ውስጥ እስከ 2049 መጨረሻ የተጠበቀ ነው። ለንደን ተቀምጦ አሜሪካ ባለ ሰርቨር ላይ የሚጭን ሰው ሁለቱንም ሕግ ማለፍ አለበት።

ለአሜሪካ ኮሚኮች መንገዱ ቀለል ይላል። ከ1964 በፊት የታተመ የአሜሪካ ሥራ በ28ኛው ዓመት መብቱ ካልታደሰ ነጻ ሆኗል። የፎሴትን አንድ የ1945 እትም ለማጣራት የቅጂ መብት ቢሮው ባወጣቸው ካታሎጎች ውስጥ የ1972 እና የ1973 የመጽሔት እድሳት ክፍሎች ይታያሉ። ዓመቱ ድንበር ላይ ከሆነ አንድ ዓመት ወደፊትና ወደኋላ ይጨመራል። በ1978 እና ከዚያ ወዲህ የተመዘገቡት በቢሮው የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ናቸው። የስታንፎርድ የእድሳት ዳታቤዝ መጻሕፍትን ብቻ ስለያዘ እዚያ አለመገኘት ለኮሚክ ምንም አያረጋግጥም፤ በጣም ከተለመዱት ስህተቶች አንዱ ይህ ነው። ቢሮው ራሱ እንዲፈልግ ከተጠየቀ በሰዓት 200 ዶላር፣ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ያስከፍላል። ገጾቹ ነጻ ቢሆኑም ስሙ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1967 ማርቭል ካፕቴን ማርቭል የሚባል የራሱን ጀግና ስላወጣ፣ የፎሴትን ጀግና በ1972 በፈቃድ የወሰደው ዲሲ (የሱፐርማን አሳታሚ) እንኳ መጽሔቱን «ሻዛም!» ብሎ ማውጣት ነበረበት።

ምን ይካፈላል፣ እንዴት

ለማርቭልማን ራሱ መልሳችን ግልጽ ነው። ሙሉ እትም አይጫን። ማርቭል መብቱን ስለሚጠይቅ፣ ባለመብታቸው ለጠፋ ሥራዎች የእንግሊዝ የአእምሯዊ ንብረት ቢሮ ከጥቅምት 2014 ጀምሮ የሚሰጠው ፈቃድም እዚህ አይሠራም። ፈቃዱ የሚጠቅመው በዚያው ዘመን ለወጡና ማንም ባለመብት ነኝ ለማይልባቸው ሌሎች ትናንሽ ኮሚኮች ነው። ማመልከቻው ለአንድ ሥራ 20 ፓውንድ፣ ለ30 ሥራዎች 80 ፓውንድ ሲሆን ፈቃዱ እስከ 7 ዓመት ድረስ በእንግሊዝ ብቻ ይጸናል፤ የተደረገው ፍለጋ በዝርዝር ካልቀረበ ይወድቃል። ለትችትና ለጥናት ከሆነ ከአንድ ገጽ አንድ ሁለት የሥዕል ሣጥን፣ ከነምንጩና ከሠሪው ስም ጋር፣ በእንግሊዝ የጥቅስ ድንጋጌ ሥር ማቅረብ ይቻላል።

አለማካፈል ግን አለማስቀመጥ ማለት አይደለም። ያ ወረቀት አሲዳማ ስለሆነ በየዓመቱ ይሰባበራል፤ ስካኑን ማዘግየት ገጹን ማጣት ነው። የዛገው የስፌት ሽቦ እንዲሁ ይተው፤ መጽሔቱ በኃይል ተዘርግቶ አይጨፍለቅ፤ ጀርባው መጀመሪያ የሚቀደደው ሽቦው ጋ ነው። ከገጹ ኋላ ጥቁር ካርቶን ሲደረግ የጀርባው ሥዕል ሰርጎ አይታይም። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ ጥራት ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው ቲፍ በተባለ የምስል ፋይል ዓይነት ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ብሩህነቱና የወረቀቱ ቀለም የሚስተካከሉት በቅጂው ላይ ብቻ ነው፤ ዋናው ፋይል እንዳለ ይቆይ። ለማንበቢያ 300 ዲፒአይ ጄፔግ ይበቃል። ገጾቹ 001፣ 002 እየተባሉ ተሰይመው በዚፕ ይታሸጉና የፋይሉ ቅጥያ «ሲቢዜድ» ይደረጋል። ዜሮዎቹ ከተዘለሉ አንዳንድ ማንበቢያዎች 10ን ከ2 ያስቀድማሉ።

በዚያው ጥቅል ውስጥ አንድ የጽሑፍ ፋይል ይግባ፤ ከአሳታሚ መስመሩ የተነበበው ቃል በቃል፣ ለየታሪኩ የታወቀው ሠዓሊና መታወቂያው፣ የታዩ መዝገቦችና የታዩበት ቀን፣ እንዲሁም ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ለየብቻ የተሰላ የማብቂያ ዓመት። በስህተት የተጫነ ነገር ላይ የማንሳት ጥያቄ ከመጣ ወዲያው ይነሳ። በአሜሪካ ሕግ የሚቀርበው መቃወሚያ በሐሰት ምስክርነት የሚያስጠይቅ መሐላና ለፍርድ ቤት ሥልጣን መገዛትን ያካትታል፤ የፈቃድ ወይም የመዝገብ ወረቀት በእጁ የሌለው ሰው አይላከው። የጽሑፍ ፋይሉ ደግሞ በየዓመቱ ጥር መጀመሪያ ላይ ይከፈት፤ በእንግሊዝ በኩል ሠሪያቸው ያልታወቀ የአንድ ዓመት ገጾች ያን ቀን ከጥበቃ ይወጣሉና።